ባቡሩ ሐረር አይገባም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሜሪላንድ የሚኖር አንባቢ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ይገባል። ከ72 ዓመት እናቱ፣ ከ9 እና ከ13 ዓመት ልጆቹ ጋር ወደ ምሥራቅ መውረድ ይፈልጋል። ዕቅዱን እንዲህ ጽፎታል፦ «ታኅሣሥ 16 ጠዋት ከለገሃር በባቡር ተነስተን ከሰዓት ሐረር እንገባለን። 17 ጅጅጋ እናድራለን። 18 ወደ ሐረር ተመልሰን ልጆቼ ጅብ ሲመገብ ያያሉ። 19 ድሬዳዋ፤ እናቴ ያደገችበትን ከዚራ ሰፈርን ታሳየናለች። 20 በሌሊት አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ 21 ማታ በረራችን ነው። ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አንብቤአለሁ፤ አራት ሰዓት ይበቃዋል ብዬ አስቤአለሁ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ያስኬዳል?»

አያስኬድም። ከዚህ ዕቅድ ሳይነካ የሚቀረው ጅቡ ብቻ ነው።

ከባቡሩ ልጀምር። ባቡር ሐረር አይገባም፤ ገብቶም አያውቅም። የድሮው ሐዲድ ከጅቡቲ ሲመጣ ሐረር ለመድረስ ተራራ መውጣት ነበረበት፤ ወጪው አስፈራና መስመሩ ቆላውን ይዞ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ተራራው ግርጌ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ስሙም «አዲስ ሐረር» ነበር። ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ማለት ነው። ድሬ የተወለደችው ባቡሩ ሐረርን ስለዘለለ ነው ብትል አትሳሳትም። አዲሱም መስመር ያንኑ ቆላ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በባቡር የምትደርሰው ድሬዳዋ ነው፤ ከዚያ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ፣ ያውም ዳገት።

ሁለተኛው ለገሃር ነው። ይህ የእናትህ ትዝታ ይመስለኛል። እሳቸው የሚያስታውሷት ሊቶሪና፣ የድሮዋ የመንገደኛ ባቡር፣ የምትነሳው ከለገሃር፣ መሐል ከተማ ነበር። ያ ባለአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሰው ማመላለሱን ካቆመ ብዙ ዓመት ሆነው። አሁን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ነው፤ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ታኅሣሥ 2010 ላይ መደበኛ ሥራ ጀመረ። መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፤ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ። ሌላም ሰዎች የሚሸወዱበት ነገር አለ፦ የከተማው ቀላል ባቡር እዚያ ድረስ አይሄድም። ሁለቱም «ባቡር» ስለሚባሉ የሚገናኙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይገናኙም። ባቡሩ ማልዶ ስለሚነሳ ሻንጣ፣ ልጆችና እናትህን ይዘህ በሌሊት ከቤት መውጣትህ አይቀርም፤ ታክሲውን ከዋዜማው ተነጋገር፤ በአፕሊኬሽን የሚጠራ ቢሆንም ባይሆንም። ጣቢያው ውስጥ ሻንጣ ይፈተሻል፣ መታወቂያ ይታያል፣ ሰልፍ አለ። ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብለህ ድረስ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ከመኪና መውረጃው እስከ ባቡሩ በር ያለው መንገድ ቀላል አይደለም። ሻንጣ የሚሸከም ሰው ክፈልና አንተ እናትህን ደግፍ።

ሰዓቱ። 120 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም፤ የመንገደኛ ባቡሩ የተሠራበት ፍጥነት ነው። ግን መኪናህ ላይ 220 የሚል ቁጥር ስላለ በ220 አትነዳም። ሐዲዱ ድርብ የሆነው ከሰበታ እስከ አዳማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነጠላ ነው። ነጠላ ሐዲድ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር ካለ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። መስመሩ ደግሞ በዋናነት የተሠራው ለጭነት ነው፤ የአገሪቱ ዕቃ ከጅቡቲ የሚመጣበት ነው። አንተ መስኮት ላይ ሆነህ «ምን ሆኖ ቆመ?» ስትል ኮንቴይነር እያለፈ ነው። በዚያ ላይ ግመልና ከብት አለ። ከመተሐራ በኋላ ያለው አገር አርብቶ አደር ነው፤ ሐዲዱ የግጦሽ መሬታቸውን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ሹፌሩ ፍጥነት መቀነስ ግዱ ነው። መብራትም ይቋረጣል፤ ባቡሩ ናፍጣ አይደለም፤ መብራት ከሌለ ቆመህ ትጠብቃለህ። ይህን ሁሉ ደምረህ ፕሮግራሙ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ቢልህ አንተ አሥር ብለህ አስብ። ቀድሞ ከደረሰ ትርፍ ነው።

ስለዚህ ባቡር በወረድክበት ቀን ሐረር ለመግባት አትሞክር። ድሬ ደርሰህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አራት ሰው ይዘህ ሚኒባስ ፍለጋ መውጣት፣ ከዚያ የደንገጎን ጠመዝማዛ በጨለማ መውጣት፣ ለምን? ድሬ እደር። ለነገሩ ድሬዳዋ የምታምረው ማታ ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ከዚራ ዛፎቹ ሥር እናትህ ቁጭ ይበሉ፣ ልጆቹ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይቅመሱ፣ ጠዋት ፈጢራ። ይህን ለ19 አስቀምጠኸው ነበር፤ ወደ ፊት አምጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትርሳ። ሰዎች የራሳቸውን ቀን መጀመሪያ ይቆርጡና ከዚያ ትኬት ፍለጋ ይወጣሉ። የምሥራቁ መንገድ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ የባቡሩን ቀን ታውቃለህ፣ ከዚያ የራስህን ቀን በሱ ዙሪያ ትሰፋለህ። የመንገደኛ ባቡሩ እንደ ከተማ አውቶቡስ አይመላለስም። ለረጅም ጊዜ የሠራው በፈረቃ ነው፤ አንድ ቀን ይወርዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል። በዚህ ሒሳብ በመጀመሪያው ቀን ከወረድክ የመመለሻ ባቡር የምታገኘው በሁለተኛው፣ በአራተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ጣቢያው ብትሄድ ጥበቃው ብቻ ነው የሚያናግርህ። ደግሞ ፕሮግራሙ ይቀያየራል፤ ሰዓቱም ቀኑም። ስለዚህ አንድ ዘመድ ላክና ከጣቢያው ራሱ ያጣራ፤ ከዚያም ከመነሻህ ሁለት ቀን በፊት እንደገና። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ጽሑፍ አንብበህ ከሜሪላንድ ቀን አትቁረጥ።

ትኬቱን ስታጣራ ሁለት ወጥመድ አለ፤ ለውጭ አገር ሰው ብቻ ሳይሆን ለእኛም። አንዱ ሰዓት ነው። ትኬት ላይ 8፡00 ተብሎ የተጻፈው ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ «ሁለት ሰዓት» የሚልህ ሰው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚያወራው። ልጅህ ስልኩን አይቶ «ገና ብዙ ሰዓት አለን» ቢልህ አትመነው። ሁለተኛው ቀን ነው፦ አውቶቡስ ቢሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፍልሃል፣ ኤርፖርት በፈረንጅ። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸው። ይህን ምክር የሚንቅ ሰው አለ፤ እኔም ንቄ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ቀን አሳስቻለሁ። የእኔ ጥፋት ነበር፣ አልጋቸውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 19። እውነት ይህ ቀን ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የመረጥከው? የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ቁልቢ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሐረር በሚወስደው የመኪና መንገድ ላይ፣ ድሬዳዋ አጠገብ ነው። ከታኅሣሥ 16 አካባቢ ጀምሮ አገሩ ሁሉ ወደዚያ ይነቃነቃል። የባቡር ትኬት ያልቃል፣ አውቶቡስ ትርፍ ይጭናል፣ ሚኒባስ ታሪፍ የሚባል ነገር ይረሳል፣ ድሬዳዋና ሐረር አልጋ ጠፍቶ ሰው መኪና ውስጥ ያድራል። ከበዓሉ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ደግሞ የባሱ ናቸው፤ ሲሄድ ተከፋፍሎ የሄደው ሰው ሲመለስ በአንድ ጊዜ ነው። አንተ ልትመለስ ያሰብከው ልክ በዚያ ቀን ነው። (ሐምሌ 19ም እንዲሁ ነው፤ ክረምት ለሚመጡ ሰዎች።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቀኑን የመረጥከው አንተ ነህ ወይስ እናትህ? ድሬዳዋ ያደገች የ72 ዓመት እናት ታኅሣሥ 19ን ሳታውቅ ትቀራለች ብዬ አላምንም። ምናልባት ስለት ይኖርባቸው ይሆናል፤ ምናልባት ልጄን አላስቸግርም ብለው ዝም ብለውም ይሆናል። ጠይቃቸው። ስለት ካለ ጉዞው ሌላ ጉዞ ነው፤ ጅጅጋም ጅብም ይቅርና ቁልቢን መሐል አድርገህ ከወራት በፊት አልጋ ይዘህ ትነሳለህ። ስለት ከሌለ ደግሞ ቀኑን አምጣው፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ትገባለህ ብለሃል፣ እንግዲያው ከታኅሣሥ 6 እስከ 13 ባለው ውስጥ ሄደህ ተመለስ። መሐል ላይ አትቁም። ለንግሥ ሳትሄድ በንግሥ ሰሞን ያን መንገድ መሄድ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው።

ለእናትህ የባቡሩ ጥቅም ፍጥነቱ አይደለም። ተነስተው መንቀሳቀስ መቻላቸው ነው። መጸዳጃ አለው። መተላለፊያ አለው። ጉልበት የሚያመው ሰው አሥር ሰዓት አንድ ቦታ ታጥፎ ከተቀመጠ ማታ መቆም ያቅተዋል። ባቡሩ ላይ ከወንበሩ ሌላ ተደራራቢ አልጋ ያላቸው ፉርጎዎች ይኖራሉ፤ ባለስድስት አልጋ ክፍልና ምቾቱ የተሻለ ባለአራት አልጋ ክፍል። ለእሳቸው አልጋ ቁረጥ፣ ግን «የታችኛው» ብለህ አስረግጠህ ተናገር። ይህን ሳይናገር ሄዶ እናቱን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለመስቀል የታገለ ሰው አውቃለሁ። ምግብ ከቤት ያዙ። ታኅሣሥ ጾም ላይ ስለሚሆን እናትህ የሚጾሙ ከሆነ መንገድ ላይ የሚያገኙት ነገር ላይ አትመካ፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብዙ ውሃ። ልብስም ደራርባችሁ ልበሱ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ በታኅሣሥ ማለዳ ያንቀጠቅጣል፣ አዋሽ ስትደርሱ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ይሆንና ሹራቡን ሁሉ ታወልቃላችሁ።

ልጆቹን በመስኮት በኩል አስቀምጣቸው። መተሐራ ጋ በሰቃ ሐይቅ አለ፤ ጨዋማ ነው፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገድና የድሮውን ሐዲድ ሁሉ ያስቸገረ ሐይቅ ነው። ከጎኑ ፈንታሌ ተራራ፤ እሳተ ገሞራ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ስሙ ሲነሳ ሰምተህ ይሆናል፤ አንተ ምንም የምታደርገው ነገር የለም፣ ግን ጉዞው በዚያ ምክንያት ቢዘገይ አትደነቅ። ከዚያ አዋሽ። ዕድል ካለ ሳላ፣ ቀንደ ረጅሙን የዱር እንስሳ፣ ታያላችሁ።

ከድሬ ወደ ሐረር። ሚኒባስ በብዛት አለ፤ ሲሞላ ይነሳል። ከእናትህ ጋር ከሆንክ ግን ኮንትራት ያዝ፤ ለአራት ሰው ብር ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፣ ደግሞ መንገድ ላይ ማቆም ትችላለህ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ መንገዱ እስከ ደንገጎ ድረስ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ታናሽየው ልጅ የሚያስመልሰው ከሆነ ከፊት ይቀመጥ፣ ፌስታል በእጅ ይያዝ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ዘይት የበዛበት ነገር አትስጠው። (አዎ፣ ፈጢራው። ፈጢራውን ለሌላ ቀን።) ደንገጎ ላይ ከአዲስ አበባው መንገድ ጋር ትገጥማላችሁ፤ ከዚያ ሐሮማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር። አወዳይ የጫት ገበያ ነው፤ መንገዱ ላይ የሚፈሰውን ሰው ብቻ ማየት ይበቃል።

ሐረር ላይ ብዙ አልልም፤ ስለ ጀጎል፣ በግንብ ስለታጠረችው የድሮዋ ከተማ፣ የጻፈ ሞልቷል። ለእናትህ የሚጠቅም አንድ ነገር ግን ልበል፦ ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብና ዳገት ቁልቁለት ነው፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ከአንዱ በር እስከ ሌላው አታስኬዳቸው። በባጃጅ እስከ ገበያው ድረስ ይግቡ፣ አንድ የሐረሪ ቤት ውስጥ ቡና ጠጥተው ይመለሱ። ሁለት ሌሊት ስጥ። የጅቡ ነገር ማታ ነው፤ ልጆቹን ከመኪናው መብራት አጠገብ አድርግ፣ ጅቡን የሚመግበው ሰው የሚልህን ስማ። ይኸው ነው።

ጅጅጋ። ተወው። ከሐረር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም ጥሩ ነው፤ ችግሩ ይህ አይደለም። ችግሩ አንደኛ ኬላው ነው፤ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው መታየቱ፣ መጠየቁ፣ መውረድ መውጣቱ ጊዜ ይበላል። ሁለተኛ የጫት መኪኖቹ ናቸው። ጫት ትኩስ ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ከአወዳይ የሚነሳው መኪና እንደ አምቡላንስ ነው የሚነዳው፣ እና በዚያው መንገድ ላይ ነው ያላችሁት። ሦስተኛ፣ አንድ ሌሊት ለማደር ብለህ ሁለት ግማሽ ቀን ታቃጥላለህ። ወደ ሱማሌ ክልል የሚወስደውን አገር ማየት ከፈለጋችሁ ጠዋት ተነስታችሁ ባቢሌ ድረስ ሂዱ፤ ግመል ገበያው የሚቆምበትን ቀን ሐረር ላይ ጠይቅ። ከባቢሌ አለፍ ሲል የዳካታ ሸለቆ አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተነባበረበት። ያየ ሰው ማን አስቀመጠው ይላል። ለምሳ ሐረር ትመለሳላችሁ፣ ለውዝም ገዝታችሁ።

አሁን መመለሻው፤ የሌሊት አውቶቡስ ያልከው። ይህ እንዲያውም የሚስተካከል አይደለም፤ የሚሰረዝ ነው። ደንበኛ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ማለዳ 11 ወይም 12 ሰዓት ተነስቶ ሳይመሽ የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በሌሊት የሚነሳልህ ደላላ ያገናኘህ ሚኒባስ ነው። ሹፌሩ ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ይሆናል፤ ጫቱ ነው እያነቃው ያለው። መንገዱ የጨርጨር ተራራ ነው፤ ቀርሳ፣ ቁልቢ፣ ሂርና፣ ጭሮ፤ አንዱ ጎን ግድግዳ፣ ሌላው ጎን ገደል። ጉም ካለ ደግሞ ገደሉንም አታየውም። ከጭሮ ወርዶ ሚኤሶና አዋሽ ሲደርስ ሜዳ ይሆናል ብለህ ደስ ሲልህ፣ የጅቡቲ ተሳቢዎች በሚሌ በኩል መጥተው አዋሽ ላይ ይቀላቀሉሃል፤ እስከ አዳማ ድረስ ከነሱ ጋር ነህ። በሌሊት፣ መብራት በሌለው ተሳቢ ኋላ። አይሆንም። «ዘመዴ በሌሊት ሄዶ በሰላም ገባ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ፤ በሰላም ያልገባው መጥቶ አያወራም።

የቀን አውቶቡስ ሌላ ነገር ነው። ከሐረርም ከድሬም ይነሳል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ግዴታ ከሆነብህ ደረጃ አንድ የሚባሉትን፣ ትርፍ የማይጭኑትን ምረጥ፤ ትኬቱን ከቢሮው ቁረጥ እንጂ መናኸሪያ በር ላይ «ሞልቷል፣ አንድ ሰው ነው የቀረው» ከሚልህ አይደለም። ወንበር ስትመርጥ ከመሐል ወደ ፊት፣ ከጎማው በላይ ያልሆነ፤ የኋለኛው ረድፍ ለጉልበትም ለሆድም አይሆንም። ጋቢና አይ፤ ሰፊ ነው እያሉ ያታልሉሃል፣ እግር መዘርጊያ የለውም። መጸዳጃ አለው የሚባል አውቶቡስ ላይ እኔ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት በሩ ተቆልፎ ውስጡ የረዳቱ ዕቃ ተቀምጦበት ነው፤ ስለዚህ እንደሌለ ቁጠረው። መንገድ ላይ የሚቆመው ለቁርስና ለምሳ ነው። እናትህ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው መድኃኒታቸው ፖርቶ መጋላ ላይ ወይም ታች ዕቃ መጫኛው ውስጥ መሆን የለበትም። በእጅ ቦርሳ።

ከምሥራቅ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ፍተሻ አለ፤ አዋሽ ላይ በተለይ። የሚፈለገው ኮንትሮባንድ ነው፤ አዲስ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ሲጋራ። ሁሉም ወርዶ ሻንጣውን ይከፍታል። እዚህ ላይ ከሁሉም የምለምንህ አንድ ነገር፦ የማታውቀው ሰው «ይህቺን ፌስታል ባንተ ስም ያዝልኝ፣ ዳያስፖራ አይፈትሹም» ቢልህ እንቢ በል። ጨዋ ሴትዮ ብትሆንም፣ ልጅ ያዘለች ብትሆንም። ከዓመታት በፊት የሸኘሁት አንድ ሰው አዝኖ ተቀብሎ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንደነበር ሲከፈት ነው ያወቀው፤ ባለቤቷ ሴትዮ ደግሞ በዚያች ደቂቃ አላውቀውም አለች። አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ፤ እሱ ቃል እየሰጠ ሌሊቱ ነጋ። በማግስቱ የሚበርበት አውሮፕላንም ጥሎት ሄደ።

ይህ ወደ መጨረሻው ስህተት ያደርሰኛል። 20 ተነስተህ 21 ማታ መብረር። በባቡርም ሆነ በአውቶቡስ ብትመለስ ከዋሽንግተኑ በረራህ በፊት ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ እደር። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ምክንያቱም ባቡሩ ከተሰረዘ ቀጣዩ ነገ ላይሆን ይችላል። መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋል፤ የጸጥታው ነገር ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ በተለይ ከመተሐራ እስከ ሚኤሶ ባለው። ስለዚህ ስለመንገዱ ሁኔታ የምትጠይቀው ፌስቡክን ሳይሆን ትናንት ከዚያ የመጣ ሹፌር ነው፤ በሄድክበት ጠዋት ደግመህ ጠይቅ። ሹፌሮቹ «ዛሬ አይሆንም» ካሉ አይሆንም። ማንም ከነሱ በላይ ለመሄድ የሚፈልግ የለም፤ እንጀራቸው ነው።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። በመጀመሪያው ቀን ባቡር፣ ድሬ አዳር። ሁለተኛውን ቀን በሙሉ ለእናትህና ለከዚራ፣ እዚያው አዳር። ሦስተኛው ቀን ጠዋት በኮንትራት ወደ ሐረር፣ ማታ ጅቡ። አራተኛው ቀን ጀጎል፣ ወይም ጉልበታቸው ካልፈቀደ አንተና ልጆቹ ባቢሌ፣ እሳቸው ቡና። አምስተኛው ቀን ከሰዓት ወደ ድሬ መውረድ፤ ስድስተኛው ቀን የመመለሻ ባቡር። ባቡሩ በፈረቃ እየሠራ ከሆነ ቁጥሩ ይገጥማል። ካልገጠመ አውቶቡስ አይደለም ምርጫህ፤ ከድሬዳዋ አውሮፕላን አለ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከአሜሪካ የምትመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡ ትኬት ቅናሽ ሊኖረው ስለሚችል ያንኑ ትኬት ቁጥር ይዘህ ጠይቅ። አውቶቡሱን ሦስተኛ አድርገው፤ ባቡሩም አውሮፕላኑም ሳይገኝ ሲቀር ብቻ፣ በቀን ብቻ።

ልጆቹ አውቶቡስ ካላየን ካሉ ደግሞ ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ በፍጥነት መንገዱ አንድ ቀን ውሰዳቸው። ምሳ በልታችሁ ማታ ቤታችሁ ናችሁ፣ እናትህም እግራቸውን ሰቅለው ይጠብቋችኋል።